የእሷ ኪኒን፣ የእኔ ግሉኮስ

ወገቤን ያበላሸው ትምህርት ነው። ሐኪሞቹ «የዲስክ መንሸራተት» አሉት፤ የጨንቻ ዘመዶቼ በልጅነቴ ዳገቱን የወጣሁበት የእንጨት ሸክም ነው አሉ። እኔ ግን አንደኛ ክፍል የተቀመጥኩበትን አግዳሚ በሚገባ አስታውሰዋለሁ። ለሕፃን ተለክቶ የተሠራ ነበር። ለአቅመ ሔዋን ደርሼ ገባሁበትና ጉልበቴ አገጬን እየደገፈው ፊደል ቆጠርኩ። ከኋላዬ ያሉት ልጆች ሰሌዳው ሲከለላቸው «እትዬ፣ ጎንበስ በይልን» ይሉኛል። እንደጎነበስኩ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። አሥራ ሁለተኛን በማታው ጨርሼ አሁንስ ቀና ልበል ስል አከርካሪዬ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው።

ከዚያ አርባ ምንጭ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆንኩ። ሥራው ዝም ማለትና ዝም ማሰኘት ስለሆነ ለእኔ የተፈጠረ ነበር። ችግሩ ተማሪ አብዝቶ የሚጠይቃቸው መጻሕፍት ታችኛው መደርደሪያ ላይ መሆናቸው ነው። ቅደም ተከተሉን አፍርሼ ወደ ላይ እንዳወጣቸው ደግሞ ሕሊናዬ አይፈቅድም። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ስነሳ ከዳሌዬ እስከ ተረከዜ የጋለ ሽቦ ተጎተተ። ከሽቦው ጋር ዓመታት ኖርኩ። ወጌሻ አሸኝ፣ ተጸለየልኝ፣ የሽፈራው ቅጠልማ ዛፉ እስኪያዝንልኝ ድረስ በላሁ። በመጨረሻ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ለአንድ ሳምንት መጥተው እንደሚሠሩ ተነገረኝና ሆስፒታል ገባሁ።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ ከላንቴ የመጣች ሙዝ ነጋዴ ተኝታለች። ሃምሳን የተሻገረች፣ ሰፊ፣ ድምፅዋ ከአንድ የእርሻ ጫፍ ወደ ሌላው ለመጣራት የተሠራ ሴት ናት። መጀመሪያ «እርስዎ» ብያት ነበር።

«አንቺ በይኝ» አለች። «እርስዎ የሚለኝ ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው።»

እሷ እኔን «አስተማሪዋ» ትለኛለች። አስተማሪ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። መነጽሬንና ትራሴ ሥር የወሸቅኩትን መጽሐፍ አይታ «ታዲያ ማንን ለማታለል ነው?» አለችኝ።

የእኔ ሕመም ጩኸታም ነበር፤ የእሷ ግን ዝምተኛ ሆኖ እግሯን እየሰረቃት ነው። ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ የግራ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ይወልቅና መንገድ ላይ ይቀራል። እሷ አታውቅም። በባዶ እግሯ ሲሚንቶውን ጠፍ፣ ጠፍ እያደረገች ትቀጥላለች። ከኋላዋ የሚመጣ ሰው «እናት፣ ጫማሽ!» ሲላት ዞራ፣ ጫማውን በጥርጣሬ ታየውና «የኔ ነው?» ትላለች። ትልቁ ሐኪም እግሯን ነካክቶ፣ ነርቩ እንደታነቀና በዚህ ሳምንት ካልተለቀቀ እግሩ ላይመለስ እንደሚችል በግልጽ ነግሯታል። ሐኪሞቹ ዓርብ ይሄዳሉ። ዳግም መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ ሄዶ መታከም ለእሷ ጨረቃ ላይ ሄዶ እንደመታከም ነው።

ከሐኪሞቹ ጋር ገና በመማር ላይ ያለ አንድ ወጣት ዶክተር ነበር። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ብዕሩን በሁለት እጁ የሚይዝ። ከቀዶ ሕክምናችን በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ እኛ ክፍል መጥቶ ጥናት እንደሚያደርግ አስረዳን። ቀዶ ሕክምናው ሲሠራ ማደንዘዣው ያስተኛናል፤ የሚከፋው ስንነቃ ነው። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻውን አስቀድሞ፣ ገና ሳይነኩን ቢሰጡን ስንነቃ ይቀልልናል፣ ቶሎም እንነሳለን። ጥያቄው በአፍ የሚዋጠው ይሻላል ወይስ በደም ሥር የሚገባው የሚል ነው። ማን የቱን እንደሚወስድ በዕጣ ይለያል።

እኔ ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩትና ፈረምኩ። እሷ ምንም ሳትጠይቅ አውራ ጣቷን አስነካች፤ ዕጣ መቼም ጥሩ ነገር ይዞ ይመጣል ብላ። ዶክተሩ የታሸጉትን ፖስታዎች ከፈተ።

«ለእርስዎ ኪኒን» አላት ፈገግ ብሎ።

«ለሷስ?»

«በደም ሥር።»

«ግሉኮስ?»

«ግሉኮስ ሳይሆን፣ ያው መድኃኒቱ ራሱ በፈሳሽ...»

«ጠርሙስ ነው?»

«አዎ፣ ትንሽ ጠርሙስ።»

«ይሰቀላል?»

«ይሰቀላል።»

«ግሉኮስ ነው» አለች፤ ጉዳዩ ተዘጋ። «ኪኒኑስ ስሙ ማን ነው?»

ዶክተሩ መዋሸት አይችልም። «ፓራሲታሞል» አለ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ማዶ ያለችው፣ ገና ትናንት የተሠራችው ሴት «አታስቁኝ፣ ስፌቴ!» እያለች ጮኸች።

«ይሄ የሱቁ?» አለች የላንቴዋ። «ከማስቲካ ጋር የሚሸጠው? ጀርባዬን እንደ ቅርጫ በሬ ልትዘረጥጡት ነው፣ ለዚህ የራስ ምታት ኪኒን?»

«ጠርሙሱም ውስጥ ያለው እኮ እሱው ነው፣ እናቴ።»

«እሱው ከሆነ ለምን ይሰቀላል?»

ይህ በእውነት ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ቀና ብዬ መልሱን ጠበቅኩ። ዶክተሩ ስለ ሆድና ስለ ደም ሥር ትንሽ ተናገረ፣ ማንም እንዳልሰማው ገባው፣ ከዚያ ሕጉ የሚያስገድደውን አለ። ካልፈለጉ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ፤ ቀዶ ሕክምናው አይቀርብዎትም፤ እዚህ የተለመደውን ያገኛሉ።

«ተባረክ! የተለመደውን አምጣልኝ። የተለመደው ምንድን ነው?»

ዶክተሩ ብዕሩን አየ። «ኪኒን» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም። ግማሹ በጋሞኛ ነበር፤ ግማሹ በአማርኛ ሆኖ የሴትና የወንዱ አጠራር ተደባልቆ ዶክተሩ አንዴ «አንቺ»፣ እኔ ደግሞ «አንተ» ተብለናል። ሲያበቃ ልብሷን በፌስታል ሰብስባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ልትሄድ ነው። እግሯን ወደ ጫማው ሰደደችው፤ እግሯ ጫማውን ስቶ ወለሉን ነካ። አልታወቃትም። እኔ ግን አየሁ።

በዚህ መሐል አጎቷ ደረሱ። ከኦቾሎ ሸንተረር በማለዳ የወረዱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላቸው በርካታ ወንድ ዘመዶችና ኩርኩፋ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ በሳፋ የያዙ ሴቶች፣ አንድ የሙዝ ግንጣይም ጨምረው መጡ። ነገሩን ከአልጋው አጠገብ ቆመው ሰሙ። ከዚያ «ይሄ በአልጋ ላይ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ውጪ እንቀመጥ» አሉ።

ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ነበር። ዘመዶቹ በክብ ተቀመጡ፤ አገራቸው ቢሆን ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ቦታ ላይ እንደሚያደርጉት። ለሁለታችን ሕመምተኞች ወንበር ወጣልን። ዶክተሩ እየሮጠ መጥቶ ገና ሳይቆም «በአጭሩ ላስረዳ» ብሎ ጀመረ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት ሽማግሌው። «ተራህ ሲደርስ ትነሳለህ።»

«ሰዓት የለኝም፣ አባቴ።»

«ማንም የለውም። ተቀመጥ።»

ሣሩ ላይ በነጭ ጋውኑ ተቀመጠ። ምርቃቱ ተጀመረ። ለዝናቡ፣ ለእህሉ፣ ለከብቱ፣ ለወላዶች፣ ለሐይቁ፣ ለመንገዱ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ዶክተሩ መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ ለከብቱ ሲደርስ ተወው። ከቅርንጫፉ አንድ ጦጣ ወርዶ ከግንጣዩ ሙዝ ነጥቆ ወጣ፤ ምርቃቱን ግን ማንም አላቋረጠም።

ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ሁሉንም እንደ አዲስ አስረዳ። አንድ ጎልማሳ እጁን አውጥቶ ፈቃድ አገኘና «የቱ ነው የሚሻለው?» ሲል ጠየቀ።

«አናውቅም» አለ ዶክተሩ። «ብናውቅ አናጠናም ነበር።»

«ሐኪም ሆኖ አያውቅም?» የሚል ጉርምርምታ ተነሣ።

«ተዉት!» አሉ ሽማግሌው። «በዕድሜዬ አላውቅም ያለ ሐኪም ዛሬ ገና አየሁ። በደንብ እዩት።»

ሁሉም በደንብ አዩት። ምስኪኑ እስከ ጆሮው ቀላ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩ። «ኦቾሎ ቢሆን እናንተ ሴቶቹ አትናገሩም ነበር» አሉ። «እዚህ ግን የሚቀደደው ጀርባ የእናንተ ነው፤ የወንድ ጀርባ ሲሆን እኛ እንናገራለን። አንቺ ባለመነጽሯ፣ ጠርሙሱ የደረሰሽ፣ ተናገሪ።»

በሰው ፊት መናገር ከቀዶ ሕክምናው በላይ ያስፈራኛል። ግን ሐሰት ሲነገር ዝም ማለትም አልችልም፤ ጠርሙሱ በረከት ነው የሚለው ደግሞ ሐሰት ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየሁ። ለምርመራ ደም ሊቀዱ አራት ሰዎች ደም ሥሬን ሲፈልጉ የቆፈሩት ሁሉ ጠቁሯል።

«እኔ ኪኒኑን ነው የምፈልገው» አልኩ። «የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

ማንጎው ሥር ደስታ ሆነ። ይለዋወጡ! አንዷ ኪኒን ትፈልጋለች፣ አንዷ ጠርሙስ፤ ከዚህ በላይ ምን እርቅ አለ? ሁለት ሰዎች ሊመርቁ ተነሡ።

«አይቻልም!» አለ ዶክተሩ ከተቀመጠበት፤ ያለ ተራ በመናገሩም ተገሠጸ። ተራ ሲሰጠው እንዲህ አለ፦ «እኛ የምንመርጥ ከሆነ፣ ጠርሙስ የወደደ ጠርሙስ ስላገኘ ብቻ ተሻለኝ ይላል። ያኔ የተሻለው በመድኃኒቱ ይሁን በመውደዱ በምን እናውቃለን? ለዚህ ነው ዕጣ የሆነው።»

«የመስኖ ውኃስ በዕጣ ሲደርስሽ ትለዋወጫለሽ?» አሉ ሽማግሌው ወደ ላንቴዋ ዞረው።

«አልለዋወጥም» አለች ሳትወድ። ላንቴ ላይ የውኃ ተራ ቢለዋወጥ ምን ዓይነት ጠብ እንደሚነሣ ከሁሉም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«እንግዲያው ንገሪኝ፤ ኪኒኑ ምን አደረገሽ?»

ስትናገር ያ የእርሻ ድምፅዋ አልነበረም።

«ኪኒን የሚሰጡኝ ሊያስወጡኝ ሲፈልጉ ነው» አለች። «ወገቤን አመመኝ ብዬ በሄድኩ ቁጥር ፊቴን ሳያዩ እጄ ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ "ቀጣይ!" ይላሉ። በሩን ሳልወጣ ረስተውኛል። እግሬ እንዲህ እስኪሆን የዋጥኩት ኪኒን ቢደረደር ከዚህ ላንቴ ይገባል። ጠርሙስ የተሰቀለለት ሰው ግን አልጋ አለው። ሰው መጥቶ ያየዋል። አለቀ ወይ ይለዋል። ነገ ጀርባዬን ሊከፍቱ ነው፤ ዛሬም ኪኒን። ዛሬም "ቀጣይ"!»

ማንም አልሳቀም። ጦጣው እንኳ ልጣጩን ጥሎ አዳመጠ ብል አጋነንኩ ትሉኛላችሁ፤ ስለዚህ አልልም።

«ልጄ» አሉት ሽማግሌው ዶክተሩን፣ «ጠርሙሱ ተሰቅሎ እስኪያልቅ ምን ያህል ይቆያል?»

«ሩብ ሰዓት ገደማ።»

«ኪኒኑን በገዛ እጅህ ስጣት። ጠርሙሱ እስኪያልቅም አጠገቧ ተቀመጥ። ዕጣው አይነካም።»

ዶክተሩ ሲያስብ ፊቱ ይነበባል። «ለእሷ ከተቀመጥኩ፣ ለሁሉም መቀመጥ አለብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ኪኒን ለወሰደውም፣ ጠርሙስ ለተሰቀለለትም። አለዚያ የተሻላት በእኔ መቀመጥ ነው ይባላል።»

«ተቀመጣ!» አሉ ከሦስት አቅጣጫ።

«ወንበር ከሌለስ?»

«ሣር ላይ ተቀምጠህ የለ እንዴ?» አሉት ሽማግሌው።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። የላንቴዋ ፌስታሏን ጭኗ ላይ እንደያዘች ዶክተሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ብትነሳ እኔም እነሳለሁ» አለችው። ከዚያ ፌስታሉን ለአንዲት ዘመዷ ሰጠች።

በማግሥቱ ጠዋት አዲስ ችግር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ምንም እንዳይቀመስ ተብለናል፤ ነርሷ ደግሞ ለጎረቤቴ በብርጭቆ ጉንጭ ውኃ ይዛ መጣች።

«ሲስተር፣ ምንም ብለሽን ነበር» አልኩ።

«ከዚህ በስተቀር ምንም።»

«ምንም በስተቀር የለውም።»

«አንቺን ዝምተኛ ናት ብለውኝ ነበር» አለች ነርሷ። ለመድኃኒቱ የምትበቃ ጉንጭ ውኃ እንደማትጎዳ፣ ማደንዘዣ ሰጪውም እንደፈቀደ ነገረችኝ። መጀመሪያ ቢነገር ኖሮ የሚል ነገር ተናግሬ ተኛሁ።

ዶክተሩ አንድ ወንበር ይዞ መጥቶ በሁለታችን አልጋ መካከል አስቀመጠው። ኪኒኖቹን በእጁ ሰጣት። እሷም ተቀብላ፣ የጴንጤ ቤተሰብ ናትና፣ የእሱንም እጅ አብራ ጨብጣ ጸሎት ጀመረች። «ይህችን ትንሽ ነገር አንተ ትልቅ አድርጋት! የሰጠኝንም ልጅ ባርከው፤ ባለማወቁም አትተወው!» አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረው ዶክተር አሜን ለማለትም ላለማለትም ተቸግሮ ራሱን ነቀነቀ። ዋጠች።

በኔ በኩል ነርሷ ደም ሥር ትፈልጋለች። አንዱን አገኘች፣ ጠርሙሱ ተሰቀለ፣ ክንዴ አበጠ፣ ተነቀለ። ሌላ ተፈለገ። ዶክተሩ በዕጣው ሕግ ለእኔም ተቀምጧል፤ ግን ወንበር አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው። የላንቴዋ ስለ ሙዝ በሽታ፣ ስለ ደላሎች፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባ እየጠየቀችው ስለነበር ፊቱ ወደ እሷ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ጀርባው ነው። ያ ሁሉ የተለመነው ጠርሙስ ከጀርባው በላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ አለቀ ወይ ያለኝ ግን የለም። ሲያልቅ ራሴ «አለቀ» አልኩ።

መጀመሪያ እሷ ገባች፣ ከዚያ እኔ። ስነቃ ጀርባዬ ላይ የጋለ ምጣድ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ያ አሮጌው ሽቦ ግን ከእግሬ ወጥቷል። ከጎኔ የምታቃስት ሴት እሰማለሁ።

«አስተማሪዋ» አለች በሰለለ ድምፅ፣ «ግሉኮሱ እንዴት ነው?»

«ያማል። ኪኒኑስ?»

«ያማል። ግን ያንቺ የበለጠ ያመመሽ ይመስላል።»

ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሁለት ተከፈለ። ኪኒን የወሰዱና ጠያቂዎቻቸው በአንድ ወገን፣ ጠርሙስ የተሰቀለላቸው በሌላው። ማን ቀድሞ ተነሣ፣ ማን ተጨማሪ መርፌ ለመነ፣ ማን ሾርባ ጨረሰ፤ ሁሉም በትጋት ይጠበቃል። እኔ ሕመሜን ነርሷ በጠየቀችኝ ልክ እናገራለሁ፤ የኔ ወገን ሰዎች ይቆጡኛል። «ቀንሰሽ ንገሪ እንጂ፣ አታዋርጅን!» የላንቴዋ በተቃራኒው ወገኖቿ ፊት ምንም አላመማትም፤ እነሱ ሲወጡ ግን ትራሱን ትነክሳለች።

ቀድማ የተነሣችው እሷ ናት፤ መካድ አልችልም። የወገብ ቀበቶዋን አስረው፣ ነርሷ በአንድ በኩል፣ ዶክተሩ በሌላው ይዘው አቆሟት። ነጠላ ጫማዋን ራሴ አይቼ ነበር፤ ነርሷ በእጇ ናት ያጠለቀችላት። ኪኒኖች በሙሉ አጨበጨቡ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ከዚያ የግራው ጫማ ወለቀና ወለሉ ላይ ቀረ፤ እግሯ ሲሚንቶውን ጠፍ አደረገው።

ጭብጨባው ቆመ። ዶክተሩ ነርቭ ቶሎ እንደማይነቃ፣ ወራት ሊወስድ እንደሚችል፣ ጨርሶ ላይነቃም እንደሚችል ነገራት። ከአላውቅም በቀር የሚለው እንደሌለው ከፊቱ አነበብኩ። እሷም አነበበች።

«የኪኒኑ ጥፋት አይደለም» አለች። «እሱ ሥራውን ሠርቷል። ይሄ የእግሬ ጥጋብ ነው።» አልጋዋ ላይ ስትመለስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ላነብላት መጽሐፌን አወጣሁ፤ ከጥቂት ገጽ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ሲናገር ይቆያል» ብላ አስቆመችኝ። ነፍሷ እንደተመለሰ በዚህ አወቅኩ።

ክረምቱ አልፎ፣ ያ ዶክተር ለሌላ ዙር ከሐኪሞቹ ጋር መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ። ታችኛውን መደርደሪያ አሁን ተማሪዎች ራሳቸው ያነሣሉ፤ ቅደም ተከተሉ አልተነካም። የጥናቱን ውጤት ጠየቅኩት። እኛ ጋ ያገኘው ልዩነት ይህን ያህል አይደለም፤ ኪኒኑም ጠርሙሱም ያው ናቸው ማለት ይቻላል፣ ለመዋጥ የሚችል ሰው ደም ሥሩ መቆፈር የለበትም አለኝ። ክንዴን እያሻሸሁ አመሰገንኩት። አሁንም ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ወንበር ገዛሁ» አለ። «የሚታጠፍ።»

አብረን በባጃጅ ላንቴ ሄድን። መንገዱ ዳር ሙዝ ሲጫን እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሸክም ተከልክላለችና፣ ወንዶቹን በድምፅዋ ብቻ ታሠራለች። ዶክተሩን ስታይ ብድግ አለች። ውጤቱን ነገራት።

«ያው ናቸው?» አለች። «አስተማሪዋን ቀድሜ አልተነሣሁም?»

«ቀድመዋል» አለ ዶክተሩ።

«ታዲያ ያንን ጻፋ!»

ከዚያ ለእሱ የምትቆርጥለትን ግንጣይ ለመምረጥ ወደ ሙዙ ዞረች። እኔ የማየው ሙዙን አልነበረም። መሬቱ ከመስኖው ረጥቦ ጭቃ ነበር፤ የደኅና ሰው ጫማ እንኳ የሚያስቀር ጭቃ። አንድ ቦታ ላይ የግራ እግሯ ተያዘ። ቆመች። የእግር ጣቶቿን እጥፍ አድርጋ ጫማውን ጨመቀችው፣ ሳበችው፣ እየተሳደበች ከነጭቃው አወጣችው። ከዚያ ወደ ሙዙ ገባች፤ ጫማውም አብሯት ገባ።